ከስም መጥሪያው ጀምሪ፦ ድሬዳዋ ላይ የእናቶች ቡና ለምትጀምር መምህርት

ነገሩ የተነሳው በኳስ ነው። ሁለት የ5ኛ ክፍል ልጆች፣ አንዱ ከአማርኛው ክፍል አንዱ ከሶማልኛው፣ በእረፍት ሰዓት በካልሲ ኳስ ተጣሉ። የአንዱ ቲሸርት ተቀደደ። ደወል ተደወለ፣ ሁሉም ገባ፣ ያየ መምህር አልነበረም። ማታ ወሬው አድጎ አደረ። "ልጁን ደበደቡት" የተባለው "ልጆቻችንን ደበደቡ" ሆነ። ጠዋት የትምህርት ቤቱ በር ላይ የአጎት ልጆች ተኮልኩለዋል። ዱላ የያዘም ነበር።

ያን ቀን ነገሩን ያበረደው ዳይሬክተሩ አይደለም። እኔም አይደለሁም። በሩ ላይ ባጊያ የምትጠብስ ሴት ናት። የሁለቱንም ልጆች እናት ታውቃለች። መጥበሻውን ለልጇ ትታ ሁለቱንም በስልክ ጠራቻቸው። ከዚያ የተቀደደውን ቲሸርት ከልጁ ላይ አስወልቃ፣ ዘይት በነካው እጇ ከፍ አድርጋ ለጎረምሶቹ አሳየቻቸው። "ይኸው! ጨርቅ ነው አቦ! ደም አለበት? ፈልጉ እስቲ!" እናቶቹ ሲደርሱ አንዱ ጎረምሳ መሳቅ ጀምሮ ነበር። በግማሽ ሰዓት በሩ ባዶ ሆነ።

እኔ ለሁለቱም ክፍል እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። የሁለቱንም ልጆች የእጅ ጽሕፈት ከሩቅ እለያለሁ። የእናቶቻቸውን መልክ ግን አላውቅም ነበር።

ከዚህ በታች የጻፍኩት ከዚያ በኋላ የሠራነው፣ የተሳሳትነውና ያስተካከልነው ነው። ድሬ ላለሽ መምህርት ጻፍኩት። ሐረር ላለሽም አያንስሽም። የሚያስፈልግሽ አንድ ደብተር፣ ሁለት ባልደረቦችና በየሁለት ሳምንቱ አንድ ከሰዓት ነው። ስልጠና ቢገኝ አይጠላም፣ እሱን ስትጠብቂ ግን ዓመቱ ያልቃል።

ደብተሩን ማዘጋጀት

ስም መጥሪያው ላይ የልጁ ስም፣ ጾታና ዕድሜ አለ። እናትየዋ የለችም። ስለዚህ የራስሽን ደብተር ያዢና የጎደለውን ሙዪ። ልጁ የት ሰፈር ይኖራል? ገንደ ቆሬ ነው፣ ሳቢያን፣ አዲስ ከተማ? ከማን ጋር ይኖራል? ከአክስቱ ጋር የሚኖር ልጅ ሞልቷል፤ "እናትህን ጥራ" ብለሽ አታሸማቅቂው። ያሳደገችው ሴት ምን ትሠራለች? ቀፊራ ገበያ ቲማቲም የምትሸጥ እናት በቀን የምታየውን ሰው አንቺ በወር አታዪውም።

ብሔርና ሃይማኖት ግን እንዳትጽፊ። ደብተር ይጠፋል። በክፉ ሰሞን በክፉ እጅ የገባ ዝርዝር ለምን እንደሚውል እኔ ልነግርሽ አያስፈልግም። እናትየዋ የምትቀልድበትን ቋንቋ በቃልሽ ያዢው። የምትናገርበትን አላልኩም። ድሬ ውስጥ በሁለት በሦስት ቋንቋ መገበያየት ብርቅ አይደለም። ሰው የሚቀልድበት ቋንቋ ግን አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው፤ የሚያመውንም የሚናገረው በዚያው ነው።

ባልደረቦችሽን ከሌላው ክፍል ምረጪ። ከተማችን ውስጥ በአንድ ግቢ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞና በሶማልኛ የሚያስተምሩ ትምህርት ቤቶች አሉ። ልጆቹ የሚገናኙት ቧንቧው ጋ፣ ሽንት ቤቱ ጋና ሜዳው ላይ ነው። መምህራኑም በየክፍላቸው ሻይ ይጠጣሉ፤ እውነቱ ይሄ ነው። ሦስታችሁ ከሦስቱም ክፍል ካልሆናችሁ ሥራው ሳይጀመር "የእነ እንትና" የሚል ስም ይወጣለታል።

ፈቃድ

አጭር ነው፣ ግን አትዝለዪው። ለርዕሰ መምህሩ አንድ ገጽ ደብዳቤ ጻፉ፤ ግልባጩን ለወተመህ (ለወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት) እና ለቀበሌው የሴቶች ጉዳይ ስጡ። "የተማሪዎችን መቅረትና ጠብ ለመቀነስ ከእናቶች ጋር መገናኘት" በቂ ምክንያት ነው። ማስረጃ የሚወድ ኃላፊ ካጋጠማችሁ ሴቶች በሰላም ሥራ እኩል እንዲሳተፉ የሚለው የተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤት ውሳኔ 1325 በጥቅምት 1993 ዓ.ም. መጽደቁን አንድ መስመር ጨምሩበት። ቁጥር ያለበት ደብዳቤ ቶሎ ይፈረማል። የየትኛውም ፓርቲ አርማ ግን አጠገባችሁ አይድረስ።

ቤት ለቤት

ሥራው ያለው እዚህ ነው። ሌላውን ሁሉ ብታበላሺ ይህን አታበላሺ።

እናት መምህርት በሯ ላይ ስታይ የመጀመሪያ ቃሏ "ምን አጠፋ?" ነው። ይህን ሳትሰሚ አትመለሺም። ስለዚህ የመጀመሪያው ጉብኝት ምስጋና ብቻ ይሁን። ደግሞ የምር ምስጋና። "ጎበዝ ነው" ማለት ምንም አይደለም። "ትናንት ቾክ ሲያልቅብኝ ሳልጠይቀው ሮጦ ከዩኒት ሊደሯ አመጣልኝ" በያት። አንዲት እናት ይህን ስነግራት ዝም ብላ አየችኝ። ከዚያ ወደ ጓዳ ገብታ ልጁን ጠራችውና "ቾክ አመጣህ?" አለችው። ምርመራ ነበር የሚመስለው። ልጁ አዎ ሲላት ሻይ ልታፈላ ተነሳች። ከዚያ ቤት የወጣሁት ከአንድ ሰዓት ተኩል በኋላ ነው።

ሰዓቱን እወቂበት። በድሬ ሙቀት ከ7 እስከ 9 ሰዓት ማንንም አትቀስቅሺ። ከ10 ሰዓት በኋላ ጥሩ ነው፣ የአስር ሶላት እስኪያልቅ ትንሽ ጠብቂ። አርብ ቀትር አይሆንም፣ እሁድ ጠዋትም አይሆንም። በረመዳን ከኢፍጣር በፊት አትሂጂ፤ ሴትየዋ ምድጃ ላይ ናት። ሰላምታውን በቋንቋዋ ጀምሪ። "አከም ጅርቱ" ወይም "ኢስካ ወረን" ለማለት ዲግሪ አያስፈልግም። ብትሳሳቺ ትስቃለች፣ ሳቋም ይጠቅምሻል። ትልቅ የሶማሌ እናት ከሆነች "ኤዶ" ብትያት ደስ ይላታል። ጫማሽን በር ላይ አውልቂ። ጾመኛ ከሆንሽ ገና ስትገቢ ተናገሪ፤ ወተት ያለበት ሻይ ከተቀዳ በኋላ መመለስ ሁለታችሁንም ያሳፍራል።

በመጀመሪያው ቀን ምንም አትጠይቂ። ምንም አትጻፊ። ስልክሽን ቦርሳሽ ውስጥ ተዪው። በሁለተኛው ጉብኝት "አንድ ቀን ቡና ብንጠጣ ትመጫለሽ?" በያት። ከየሰፈሩ አራት አራት እናት ካገኛችሁ ይበቃል። 12 ሴት ለአንድ ረከቦት ልክ ነው። ከዚያ በላይ ከሆነ ስብሰባ ይሆናል።

አፎቻና እድር ውስጥ ያሉ ሴቶችን አትርሺ። ሐረር ላይ የሴቶች አፎቻ ሠርግና ለቅሶ የሚያስተሳስረው የቆየ ማኅበር ነው። እዚያ የሚሰሙሽን አንድ ሁለት ትልልቅ ሴቶች ካገኘሽ የአንድ ወር ድካም ተቀነሰልሽ።

የመጀመሪያው ቡና

የእኔ የመጀመሪያው ኪሳራ ነበር። ልንገርሽና ሳቂ። ክፍል ውስጥ አደረግኩት። ወንበሮቹን በረድፍ ደረደርኩ። "ሴቶች ለሰላም" የሚል ባነር አሠራሁ፣ ከኪሴ። አንድ ኃላፊ ጋበዝኩና ለ40 ደቂቃ በአማርኛ ብቻ ንግግር አደረገ። ከኋላ የተቀመጡት እናቶች መጀመሪያ ዝም አሉ፣ ከዚያ ማንሾካሾክ ጀመሩ፣ ከዚያ አንዷ እጇን አወጣች። ደስ አለኝ። ጥያቄዋ "ፊርማው የት ነው?" የሚል ነበር። አበል ያለበት መስሏቸው ነው። እነሱ ምን ያድርጉ፤ በባነር ስር ሲቀመጡ የለመዱት እሱን ነው።

ስለዚህ ባነር የለም። "ሰላም" የሚለውን ቃልም ለጊዜው አስቀምጪው። ሰላም ሲባል ሰው ማን ጠብ እንደጀመረ መፈለግ ይጀምራል። "የልጆቹ እናቶች ቡና" በቂ ስም ነው።

ቦታው ግቢ ይሁን፣ ጥላ ያለበት። ከተቻለ ኒም ዛፍ ስር። ቤቱ ይዙር፤ ዛሬ መጋላ ከሆነ ቀጥሎ ከዚራ። ሁለቱን ሰፈሮች የሚለየውን የደቻቱን ወንዝ መሻገር ራሱ ጉዳይ ነው። ለዓመታት ወዲያ ማዶ ያልተሻገረች እናት አጋጥማኛለች፣ በባጃጅ አሥር ደቂቃ ለማይሞላ መንገድ።

የሚበላውን በጥንቃቄ ምረጪ። ሥጋ የለበትም። የክርስቲያንና የእስላም ሥጋ ጉዳይ እየታወቀ የሥጋ ሳምቡሳ ይዞ መምጣት ግማሹን ሰው ጦሙን ማዋል ነው። ፈንዲሻ፣ ቴምር፣ ባጊያ፣ የምስር ሳምቡሳ ይበቃል። ሁሉም በዘይት እንጂ በቅቤ አይሠራ፤ ረቡዕና አርብ የሚጾሙ አሉ። ቡና የማይጠጡ ስላሉ ሻይ በቅመም ይፈላ፣ ወተቱ ለብቻው ይቅረብ።

አቦሉ ለሰላምታና ለወሬ ነው። አጀንዳ አታምጪ። ማን ወለደ፣ ማን ታመመ፣ ሙቀቱ፣ መብራቱ። ጨዋታው ከቀዘቀዘ ስለ ደቻቱ ጎርፍ ጠይቂ። በ1998 ክረምት ሌሊት ወንዙ ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ሲወስድ እዚህ የነበረች እናት ሁሉ የምትነግርሽ አላት። ማን ማን ቤት እንዳደረ፣ የማን ልጅ በማን ቀሚስ እንደተጠቀለለ ይነሳል። እኛ ጋ አንዲት እናት ይህን ስትናገር ከፊት ለፊቷ የተቀመጠችው "ያቺ ሴትዮ እኮ እህቴ ናት" አለች። ከዚያ በኋላ አወያይ አላስፈለገም።

ጉዳይ የሚነሳው በቶናው ነው። አንድ ጉዳይ ብቻ። በበረካው ይወሰናል፣ ትልቋ ትመርቃለች፣ ሁሉም በየራሷ መንገድ አሜን ትላለች።

ትርጉሙን መምህራኑ ተቀባበሉት። ተማሪ አስተርጓሚ አታድርጊ። ልጅ የእናቱን ብሶት ሲያስተረጉም ወይ ይቆርጠዋል ወይ ይሸከመዋል።

አንድ የሚታይ ነገር ሥሩ

በወሬ ብቻ ሦስተኛው ቡና ላይ ሰው ይሳሳል። በአንድ ወር የሚያልቅ፣ ሁሉንም የሚነካ ነገር ምረጡ። እኛ የመረጥነው የትምህርት ቤቱን በር ነው። 6 ሰዓት ተኩል ላይ ልጆች ሲለቀቁ ባጃጆች ተደራርበው ይቆማሉ፤ አብዛኛው ግፊያና ስድብ የሚነሳው እዚያ ነው። ሁለት ሁለት እናቶች፣ አንዷ ከአንዱ ሰፈር አንዷ ከሌላው፣ ተራ ገብተው ለግማሽ ሰዓት በሩ ላይ መቆም ጀመሩ። ሥልጣን የላቸውም። ግን ጎረምሳ እናቱን በሚያውቅ ሰው ፊት ድንጋይ አያነሳም። የባጃጅ ሹፌሮቹም ሳይነገራቸው ከመኪና መንገዱ ማዶ መቆም ለመዱ።

እንዲህ ያለ ትንሽ አጀማመር የእኛ ፈጠራ አይደለም። በሰሜን ኬንያ ዋጂር የሚኖሩ የሶማሌ ሴቶች እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ጎሳ ከጎሳ ሲጋደል የጀመሩት ከገበያ ነው። ማንኛዋም ሴት፣ ጎሳዋ ምንም ይሁን፣ ሳትፈራ እንድትሸጥና እንድትገዛ ተስማሙ፤ ይህንንም የሚከታተሉ ሴቶች መደቡ። ሽማግሌዎቹና ወጣቶቹ ወደ ንግግሩ የመጡት ከዚያ በኋላ ነው። ከመካከላቸው አንዷ ዴካ ኢብራሂም አብዲ እ.ኤ.አ. በ2007 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀብላለች። ቀፊራ ገበያ ገብቼ ሰላጣ የምትሸጠዋንና ቅመም የምትሸጠዋን ጎን ለጎን ሳይ ዋጂር ትዝ ይለኛል።

ዕቁብም ጀምሩ። ትንሽ ይሁን፣ ማንንም የማይጨንቅ። ሰው ቡና ሊቀር ይችላል፣ ዕቁቡን ግን አይቀርም። ሰብሳቢዋ አንቺ እንዳትሆኚ። ገንዘብ የያዘች መምህርት ስሟ በአንድ ቀን ይጠፋል።

ወሬ ሲመጣ

ይህ በስልክ የሚሠራ ሥራ ነው፣ ፍጥነት ይፈልጋል። በየሰፈሩ አንድ ደዋይ እናት ትኑር። ደዋይዋ የምትጠይቀው ሦስት ነገር ነው። ማን ነገረሽ? እሱ አይቷል ወይስ ሰምቷል? ያየው ሰው ስልክ አለሽ? አብዛኛው ወሬ ሁለተኛው ጥያቄ ላይ ይሞታል።

አንድ ማታ በቴሌግራም የተጎዳ ልጅ ፎቶ መጣ። "ዛሬ ሳቢያን" ይላል። የሳቢያኗ ደዋይ ፎቶውን አይታ "ይሄ ልጅ ሹራብ ለብሷል እኮ" አለች። ወሩ ግንቦት ነው። ግንቦት ላይ ድሬ ውስጥ ማን ሹራብ ይለብሳል? ፎቶው የሌላ አገር ወይም የሌላ ጊዜ ነበር። ይህን በሦስቱም ቋንቋ፣ እያንዳንዷ በራሷ ድምፅ ቀድታ ላከችው። የጽሑፍ ማስተባበያ ማንም አያነብም። የጎረቤቱን ድምፅ ግን ሰው ይሰማል።

ያልተጣራውን "አላወቅንም፣ እያጣራን ነው" በሉ። "ውሸት ነው" ብለሽ በኋላ እውነት ከሆነ ሁለተኛ የሚሰማሽ የለም።

ጠብ ሲነሳ

ድንጋይ እየበረረ ከሆነ አትግቢ። ልጆቹን ክፍል አስገብተሽ ቆልፊ፣ ፖሊስ ጥሪ። የእናንተ ሥራ ከዚያ በኋላ ያለው አንድ ሌሊት ነው። ሁለት እናቶች፣ ከሁለቱም ወገን፣ አብረው ወደ ሁለቱም ቤት ይሂዱ። አብረው መሄዳቸው ከሚናገሩት ይበልጣል። መጀመሪያ የተጎዳው ቤት። ባዶ እጅ አይኬድም፤ ስኳርም ይሁን ወተት ይያዝ።

እናቶቹ የየራሳቸው መሣሪያ አላቸው፣ አንቺ አታስተምሪያቸው። በኦሮሞ ባህል ሲንቄዋን፣ ባለትዳር ሴት የምትይዘውን የክብር በትር፣ የያዘች ሴት በሁለት ተጣዪዎች መሃል ከቆመች ጠቡ መቆም አለበት። ነጠላዋን አዘቅዝቃ "ባጠባሁህ ጡት" የምትል እናትን አልፎ የሚሄድ ልጅም ጥቂት ነው። "በእናንተ ዘንድ እንዴት ነው?" ብለሽ ጠይቂ፣ ከዚያ ዝም በዪ።

ጉዳዩ ሽማግሌ ጋ ከደረሰ ሸንጎው በአብዛኛው የወንዶች ነው። የኦሮሞው አባ ገዳም ሆነ የሶማሌው የጎሳ መሪ ኡጋዙ የሚሰሙት ያያችሁትን በልኩ ስትነግሯቸው ነው። "ሁለት እናቶች ቀርበን ያየነውን እንናገር" ብላችሁ ጠይቁ። እኛን አንዴ ከልክለውናል፣ አንዴ አስገብተውናል። የከለከሉን ቀን ሚስቶቻቸው ጋ ሄድን።

ወደ ቡናው የማይመጣ

አንዳንድ ነገር አይሸመገልም። ልጅ ተደፍራ ከሆነ፣ ቤት ውስጥ የምትደበደብ ከሆነ፣ ልትዳር ከሆነ፣ በረከቦት ዙሪያ አይወራም። ሐኪም ቤት፣ ፖሊስ፣ የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ፤ በዚያው ቀን። ድሬዳዋ ላይ የሚሠራው የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ የጋብቻ ዕድሜን 18 ያደርገዋል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ያለዕድሜ ጋብቻንም ግርዛትንም ያስቀጣል። እነዚህን ቁጥሮች ደብተርሽ ጀርባ ላይ ጻፊያቸው፤ "ባህላችን ነው" የሚል አባት ፊት ስትቆሚ ይጠቅሙሻል።

የልጅቷን ስም ለማንም አትንገሪ። ለባልሽም ቢሆን።

ስለራስሽ

ይታማል። "ፖለቲካ ጀመረች" ይባላል፣ "ምን ብታገኝ ነው" ይባላል። ደብተሩንና የዕቁቡን መዝገብ ለጠየቀ አሳዩ። አበል የሚሰጥ ድርጅት ከመጣ ለትምህርት ቤቱ መጽሐፍ ይግዛ በሉት፤ ለቡናው ገንዘብ ከተቀበላችሁ ገንዘቡ ያቆመ ቀን ቡናውም ይቆማል። የፈተና ሰሞን ዝለዪው። ማታ ከ2 ሰዓት በኋላ ስልክሽን ለባልደረባሽ አስተላልፊ፣ ተራ ግቡ። እኔ ይህን ሳላውቅ አንድ ሴሚስተር ሙሉ እንቅልፍ አጥቼ ክፍል ውስጥ ልጆች ላይ ስጮህ ከርሜያለሁ።

ባለፈው ሳምንት የፈተና ወረቀት ሳርም አረፈድኩ። ስደርስ ቶናው ላይ ናቸው። ማንም አልጠበቀኝም። በርጩማዬ ላይ ባጊያ የምትጠብሰዋ ሴት ተቀምጣ፣ ስለ ሽንት ቤቱ ውሃ ከወተመህ ጋር ማን ይነጋገር የሚለውን እየመደበች ነው። እኔን አይታ "መምህርት፣ ጀሪካኑ ላይ ቁጭ በይ፣ ወንበር የለም" አለችኝና ወደ ጉዳይዋ ተመለሰች።